ጥዝዝ የምትለው ጊታር

ፍኖተ ሰላም፣ ጥቅምት 12 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ዳኘው፣

በሰው አገር ጤናው አይለይዎ። እኛ በዚህ በኩል ክረምቱ በሰላም ወጥቶልን፣ ጤፉም ማዘርዘር ጀምሮ፣ ተመስገን ደህና ነን።

አያውቁኝም፤ ያምሮት እባላለሁ። አያቴ ንግሥቴና እናትዎ እማማ ቻይነሽ የእኅትማማች ልጆች ናቸው። ለጋብቻ የምንቀርብ፣ ለጥየቃ የምንርቅ ዘመዳሞች ነን ማለት ነው። አድራሻዎን የሰጡኝ እርሳቸው ናቸው። ቡሬ ገበያ አግኝቻቸው ችግሬን ባወራቸው፣ «ዳኘው የሬዲዮ ሐኪም ነው፤ ለኔ ጠፋ እንጂ ለዕቃ አይጠፋም» ብለው ሳቁ። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ ይባል የለ፤ እኔም አመዴን ፍለጋ መጣሁ።

ችግሬ ጊታር ናት። ባሕር ዳር ከሚጫወት ልጅ የገዛኋት ርካሽ የቻይና ኤሌክትሪክ ጊታር ናት። ቀለሟ የሚያምር ቀይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚያምር የላትም። እኔ በቀን ግብርና ቢሮ ጸሐፊ ነኝ፤ ቅዳሜና እሑድ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር እዚሁ አንድ ሆቴል እንጫወታለን። መቃኛዎቿ አይዙም። ትዝታ ቃኝቼ ስጀምር፣ ዘፈኑ ሳያልቅ ስሙን ወደማላውቀው ሌላ ቅኝት ትሄዳለች። የሆቴሉ ባለቤት ኦርጋኑ ይበቃል፣ ይችን ልጅ ከነቅራቅንቦዋ አሳርፏት ብለዋል። እስከ ፋሲካ ካልተሻላት ከቡድኑ መውጣቴ ነው። ከቢሮ ወጥቼ የማስበው ሌላ ነገር የለኝም፣ ጋሼ።

እዚያ ከሚጣለው ዕቃ መሐል ስድስት መቃኛ ቢገኝ ብዬ ነው። ባይገኝም መጻፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ።

አክባሪዎ፣ ያምሮት ላቀው


ፕላውን፣ ጀርመን፣ ኅዳር 25 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለልጄ ለያምሮት ላቀው፣

የእናቴን ጸሎት የሚሰማ አምላክ አንቺንም ይጠብቅልኝ። ደብዳቤሽ ከመብራትና ከውኃ ክፍያ ወረቀት መሐል ተቀምጦ ነበር። የአማርኛውን ፊደል ሳይ ካፖርቴን ሳላወልቅ ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ተቀምጬ ደገምኩት።

እናቴ ሐኪም ያለችሽ ልክ ናት። በደርግ ጊዜ ለሥልጠና የመጣንበት ፋብሪካ ሲዘጋ የሙዚቃ መሣሪያ መጠገኛ ገባሁ። ባለቤቱ ብዙ የማይናገር ሽማግሌ ነው፤ ጠባዩ ወደ እኔም ተጋብቷል። አብረውኝ የመጡት ሐበሾች ወደ ትልልቅ ከተማ ሄዱ። መጀመሪያ ይደውሉ ነበር፤ እኔ መመለስ ስተው እነሱም ተዉት። እዚህ ከተማ አማርኛ የማወራው ከራሴ ጋር ብቻ ነው።

መቃኛዎቹን ልኬልሻለሁ። ከአንድ ከተሰበረች ጥሩ ጊታር የወጡ ናቸው። የአንቺዋ ቀዳዳ ይጠባቸዋል፤ በመዶሻ እንዳትሞክሪ። በክብ ሞረድ ቀስ እያልሽ አስፊው። የድሮውን ብሎን ቀዳዳ ደግሞ በጠንካራ እንጨት ድፈኚው። ስንት ክር ላይ ነው የሚላላብሽ? አንገቷስ ቀጥ ያለ ነው? ማጉያው የምን ሥሪት ነው? ሁሉንም ዘርዝረሽ ጻፊልኝ፤ ረዘመ ብለሽ አትሳቀቂ።

እኔም አንድ ነገር ልለምንሽ። ቴፕ ይዘሽ እናቴ ዘንድ ሂጂና ድምፅዋን ቅጂልኝ። ስልክ አይሆንላትም። አንድ ጊዜ ቡሬ ድረስ አስመጥተዋት «ዳኘው ነህ? ዳኘው ነህ?» ስትል ደቂቃው አለቀ። መልኳን አልረሳሁም፤ ድምፅዋ ግን እየጠፋኝ ነው።

ዳኘው


ፍኖተ ሰላም፣ ጥር 30 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ዳኘው፣

የሰጠ እጅዎ አይዛል። መቃኛዎቹ በሻይ ቆርቆሮ ውስጥ በካልሲ ተጠቅልለው ደረሱኝ። ካልሲውንም አልመለስኩትም፤ ለቢሮው ብርድ ይሆነኛል።

ገብረሰንበት የሚባል በገና የሚሠራ አናጢ አለ። ቀዳዳውን እንዳሉት በሞረድ አሰፋልኝ፤ የብሎኑን በወይራ ስንጣሪ ደፈነልኝ። ጊታሯን አገላብጦ አይቶ፣ ዐሥር አውታር ሊኖራት ሲገባ አራቱን ማን በላው ብሎ ቀለደብኝ። አሁን አንዴ ከቃኘኋት ንቅንቅ አትልም። ባለ ሆቴሉም ለጊዜው ዝም ብለዋል።

እርሷ ግን ዝም አትልም። ማጉያው ላይ ስትሰካ እንደ ቀፎ ጥዝዝ ትላለች። የገመዱን መሰኪያ ብረት በጣቴ ስነካ ጸጥ ትላለች፤ ክሮቹን ስነካ ግን ግድ የላትም። ይህ ምን ይባላል?

በጥምቀት ማግስት ቴፕ ይዤ ወደ እማማ ቻይነሽ ሄድኩ። ደህና ናቸው፤ ጉልበታቸውን ብቻ ያማቸዋል። «ለጋሼ ዳኘው አንድ ነገር ይበሉ» ብላቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ዝም አሉ። ካሴቱ እየዞረ ብዙ ተቀመጥን። በኋላ አጥፊው አሉኝ፤ ካጠፋሁት ወዲያ ነው የተናገሩት፦ «ድምፄን የፈለገ ጆሮውን ይዞ ይምጣ።» ሳልጽፈው ልቀር ነበር፤ ግን አደራ ነው። ስወጣ ደግሞ ምን እንደሚበሉና ማን እንደሚያበስልልዎ ጠየቁኝ። ጽፌ እጠይቅልዎታለሁ አልኳቸው።

አክባሪዎ፣ ያምሮት


ፕላውን፣ መጋቢት 20 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለልጄ ለያምሮት፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ። የእናቴን ቃል አንብቤ ሳቅሁ። ቆይቼ ሳስበው ሳቁ ጠፋ። የምበላው ድንች ነው፤ የማበስለውም እኔው። ለእርሷ ግን ሰው አለው በያት። ለሚመጣው ጥቅምት ፈቃድ ጠይቄአለሁና እመጣለሁ ብሎሻል በያት።

የጊታርሽ በሽታ ታወቀ። ክሮቹ ከሚያርፉበት ከበርኩማው ሥር ወደ ሆዷ የሚገባ ቀጭን ሽቦ መኖር ነበረበት። ወይ ተበጥሷል፣ ወይ ሠሪዎቹ ረስተውታል። ክሩን ስትነኪ የማይሰማት ለዚህ ነው። የላክሁልሽን ሽቦ አንዱን ጫፍ ከበርኩማው ብረት፣ ሌላውን ከድምፅ ማስተካከያው ጀርባ አስበይጂው። ማስተካከያዎቹንና መሰኪያውንም አዲስ ልኬአለሁ። የሆዷን ጉድጓድ በሙሉ ብርማ ወረቀት አልብሺው፤ የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለው ይሆናል። ጠርዙን ግን እጠፊው፤ ብሩ ከብሩ ካልተነካካ ዋጋ የለውም።

አንገቷ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያልፉባት ፕላስቲክ ካረጀች ከበሬ ቅልጥም ቀርጸሽ ተኪያት። አጥንት ድምፅ ያጠራል። ፒካፑን፣ ከክሮቹ ሥር ሆኖ ድምፃቸውን የሚይዘውን ማለቴ ነው፣ ሌላ ጊዜ እልክልሻለሁ።

ዳኘው


ፍኖተ ሰላም፣ ሐምሌ 18 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ዳኘው፣

ቸሩ አምላክ ብርታቱን ይስጥዎ። ቤተ ዘመዱ ሁሉ ሰላም ይልዎታል።

መልሴ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው። ዕቃው በግንቦት ደርሶኛል። የሬዲዮ ጠጋኙ ወንዳወቅ በካውያው በየደልኝ። ብርማ ወረቀቱን ከሆቴሉ አጫሾች ለቀምኩ፤ ጸሐፊዋ ሲጋራ ጀመረች ተብሎ ለአባቴ ተነግሮልኛል። ጥዝዝታው ከግማሽ በላይ ቀንሷል።

ፒካፑን «ሌላ ጊዜ» ያሉት ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። ሁሉንም ባንድ ጥቅል ከላኩልኝ የምጽፍበት ምክንያት ያልቃል ብለው ነው። አያልቅም፣ ጋሼ። እኔም ከእርስዎ በቀር ስለዚች ጊታር የሚሰማኝ ሰው የለም።

ያቺ ፕላስቲክ ተሰንጥቃ ነበር። ለአጥንቱ አልተቸገርኩም፤ ባለፈው እሑድ እናንተ ቤት በሬ ታርዶ ቅልጥሙን ይዤ መጣሁ። ቀቅዬ፣ ፀሐይ ስለሌለ ምድጃ ዳር አድርቄ፣ ገብረሰንበት ቀረጸልኝ። እውነትዎን ነው፤ ድምፁ ጠራ።

ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። መንገዱ ሁሉ ጭቃ ነው። ራስዎን ይጠብቁ።

ያምሮት


ፕላውን፣ ነሐሴ 28 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለልጄ ለያምሮት፣

አዲሱን ዓመት የምሥራች የምትሰሚበት ያድርግልሽ። ፒካፑን ይኸውና ልኬዋለሁ። የድሮው አንድ ጥቅል ሽቦ ብቻ ነው፤ ብቻውን ስለሆነ በዙሪያው ያለውን ጩኸት ሁሉ ይለቅማል። ይህኛው ሁለት ጥቅል ጎን ለጎን አለው፤ የአንዱን ጩኸት ሌላው ያጠፋለታል። ቦታው ልክ ይሆናል። ወንዳወቅ የሽቦዎቹን ቀለም እንዳያምታታ በሥዕል አሳይቻለሁ።

«እናንተ ቤት በሬ ታርዶ» ብለሽ ጽፈሻል። በሐምሌ፣ በእርሻ መሐል፣ የሚያርስ በሬ የሚያርድ ገበሬ እኔ ሳድግ አልነበረም። ከአገር ከወጣሁ ብዙ ዘመኔ ነውና ልማዱ ተለውጦ ይሆናል። ምን ሆኖ ነው የታረደው? የእናቴም ሰላምታ በዚህኛው ደብዳቤ አልነበረም። አንቺ ረስተሽው ይሆናል።

ጥቅምት መምጣቴን እንጃ። ሽማግሌው ታሞ ሱቁ በእኔ ላይ ወድቋል።

ዳኘው


ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 9 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ዳኘው፣

የሚያስቡት ሁሉ ይሳካልዎ። ፒካፑ ገባ። ወንዳወቅ ሥዕልዎን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ነው የበየደው፤ እስካሁን አላነሳውም። ማጉያውን ከፍተን አንድም ድምፅ ስናጣ ተበላሸ ብለን ደነገጥን። ለካ ዝምታዋ ነው። ክሩን ስነካው ድምፅዋ ከግቢው አልፎ ጋሪ ተራው ድረስ ተሰማ፤ ባለ ጋሪዎቹ ዞረው አዩን። የሚያጽናና ነገር መስማት ካማረዎ ይህንን ይስሙ።

ነገር ግን ጊታሯ ስትድን ቡድኑ ፈረሰ። ኦርጋን የሚጫወተው፣ ቢሆነኝ የሚሉት ልጅ፣ አዲስ አበባ ሄደ፤ ሁለቱም ተከተሉት። ባለ ሆቴሉ አሁን ብቻሽን ተጫወቺ ይሉኛል። ብቻዬን እጫወታለሁ። ሰዉ እየበላ ይሰማል።

በሬው ገደል ገብቶ እግሩ ተሰብሮ ነው። ሳይሞት ይታረድ ተብሎ ታረደ። ስለ እማማ ቻይነሽ አይጨነቁ፤ አሁን ጉልበታቸውን አያማቸውም። ሽማግሌው ከዳኑልዎ ለፋሲካም ቢሆን ቢመጡ ቤተ ዘመዱ ሁሉ ደስ ይለዋል። እባክዎ ይምጡ።

ያምሮት


ፕላውን፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለልጄ ለያምሮት፣

ልደቱን በደስታ ያውልሽ። ጉልበቷን እንደማያማት ጽፈሽልኛል። ጥሩ ነው።

ከእንግዲህ ስለ እናቴ አልጠይቅሽም፤ አንቺም አትጻፊልኝ። የቤተ ዘመዱ ሽማግሌዎች እስኪመጣ አትንገሩት እንዳሏችሁ አውቃለሁ። አልተቆጣሁም፤ እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው። በወረቀት ግን አልቀበልም። አባቴ የሞተ ጊዜ ፍኖተ ሰላም ተማሪ ነበርኩ። ጎሕ ሳይቀድ መጡ፤ አንዱ ፊቴ ቆሞ ነገረኝ፣ ሌሎቹ ከኋላ ይዘውኝ ነበር። ስወድቅ ሰው ላይ ወደቅሁ። እዚህ ብወድቅ ወለሉ ላይ ነው። ጮኼ ባለቅስ ጎረቤቴ ፖሊስ ትጠራለች።

ስለዚህ አላውቅም። ሳላውቅ ሥራ እገባለሁ፣ ሳላውቅ እበላለሁ። በመስከረም ጥቁር ኮት ገዝቻለሁ፤ የዋጋው ወረቀት አሁንም አለበት። ጥቅምት ያልመጣሁት በሽማግሌው አልነበረም፤ እርሱስ ቶሎ ዳነ። የአውሮፕላኑን ትኬት ልቆርጥ ሄጄ ከበሩ አላለፍኩም። ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ።

ብቻሽን የምትጫወቺበት ጊዜ የከፋሽ እንደሆነ እኔ እዚህ እንደምሰማሽ ቁጠሪው። ጊታርሽ ድናለችና የምልክልሽ ዕቃ የለኝም። ቢሆንም ጻፊልኝ።

ዳኘው


ፍኖተ ሰላም፣ የካቲት 3 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ሃይለ ሚካኤል፣ ላይፕዚግ

ሰላመ እግዚአብሔር ይድረስዎ። እኔ ከእኅትዎ ከእህተ ማርያም ጋር አንድ ቢሮ የምሠራ ያምሮት ላቀው ነኝ። አድራሻዎን የሰጠችኝ እርሷ ናት። እርስዎ ካሉበት በባቡር የሁለት ሰዓት መንገድ በሆነች ከተማ፣ ፕላውን በምትባል፣ አቶ ዳኘው የሚባሉ ዘመዳችን ብቻቸውን ይኖራሉ፤ አድራሻቸውን በዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌዋለሁ። እናታቸው ወይዘሮ ቻይነሽ በሰኔ መጀመሪያ ዐርፈዋል፤ አርባቸውም በሐምሌ ወጥቷል። እርሳቸው አልተረዱም። የሚያረዳቸው ሰው ስለሌለ ነው። ቤተ ዘመዱ እስኪመጡ ይቆይ ብሎ ነበር፤ እኔ ግን ቆይቶ እንደማይሆን ስለገባኝ ሽማግሌዎቹን ለምኜ ፈቃድ አግኝቻለሁ።

በልባቸው ጠርጥረዋል። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል እንዲሉ፣ እኔው ስለ ጊታር ስጽፍ የተዝካሩን በሬ ነካሁባቸው። ቢጠረጥሩም ግን ሰው ሳይነግራቸው ማልቀስ አልቻሉም።

የማያውቁትን ሰው መርዶ በእርስዎ ላይ መጣሌን አውቃለሁ። የአገርዎ ልጅ ናቸው፤ የቡሬ ሰው ናቸው። ሥራ የማይገቡት እሑድ ነው። በስልክ አይንገሯቸው። ብቻዎን አይሂዱ፤ ቢያንስ ሦስት ይሁኑ፣ አንድ በዕድሜ የገፋ ሰው ይኑር። ፀሐይ ሳይወጣ ይድረሱ። እሳት ስለማይነድ የጾም ምግብ ይዛችሁ ሂዱ። ሲወድቁ ያዟቸው። በዚያው ቀን ጥላችኋቸው አትመለሱ።

ያምሮት ላቀው


ፕላውን፣ መጋቢት 24 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለልጄ ለያምሮት ላቀው፣

እግዚአብሔር ያክብርሽ። የእናቴን ነፍስ ይማር፤ አሁን መጻፍ እችላለሁ።

ባለፈው እሑድ መጡ። ሃይለ ሚካኤል፣ አንድ ተማሪ፣ እንዲሁም ወይዘሮ መታሰቢያ የሚባሉ በዕድሜ የገፉ እናት። ባቡሩ በዚያ ሰዓት ስለሌለ ማታውኑ መጥተው ጣቢያ ተቀምጠው ነው ያደሩት። የነገሩኝ ወይዘሮ መታሰቢያ ናቸው። «ዳኘው፣ እናትህ ቻይነሽ ዐርፋለች» አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። ሃይለ ሚካኤል ወገቤን ይዞኝ እንደነበር አውቃለሁ። ኮቱን ያለበሱኝ እነርሱ ናቸው፤ የዋጋውን ወረቀት ወይዘሮ መታሰቢያ በጥርሳቸው በጠሱት።

ጎረቤቴ ጩኸቱን ሰምታ በሩን አንኳኳች። ተማሪው ሲነግራት ፖሊስ አልጠራችም። ገብታ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ምን እንደምታደርግ ግን አላወቀችም። የሱቁ ሽማግሌም ሰኞ ከሥራ ስቀር መጣ። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አጠገቤ ተቀምጦ ዋለ። እንግዶቼ እስከ ረቡዕ ድረስ ቤት አምጥቼ ከምጠግናቸው ጊታሮች መሐል ወለሉ ላይ ተኝተው ነው የሄዱት። ቤቴ ለአራት ሰው ይጠባል፤ ከዚህ በፊት ይህን ማወቅ አያስፈልገኝም ነበር።

የሽማግሌዎቹን ፈቃድ እንደለመንሽ ሃይለ ሚካኤል ነግሮኛል። ለአንቺ የምመልሰው ዕቃ የለም። ብቻ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለካህንም አልነገርኩትም።

ደወሉ ሲጮህ በመስኮት አየኋቸው። ገና ጨለማ ነበር። ሦስት ሐበሾች፣ አንዲቷ ነጠላ የለበሱ፣ በራፌ ላይ በብርዱ ቆመው። ለምን እንደመጡ ወዲያው ገባኝ፤ በዚያ ሰዓት ሌላ የሚያመጣ ነገር የለም። ገብቶኝም፣ ያምሮት፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ኀዘን አልነበረም። ሰው ወደ ቤቴ መጣ ብዬ ደስ አለኝ። ሸሚዜን ቀይሬ፣ ፀጉሬን አበጥሬ ነው የከፈትኩላቸው።

ዳኘው